እትዬ ማዘንጊያ ሐኪሟን የጠየቁት

እትዬ ማዘንጊያን ከአሥር ዓመት በላይ አውቃቸዋለሁ። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ፎረስት ፓርክ በሚባለው ሰፈር ቤታችን ብዙም አይራራቅም፤ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አንዱን ሳምንት በእኔ መኪና፣ ሌላውን በእሳቸው ነው። ሰው ሥራቸውን ሲጠይቃቸው «ሆስፒታል ዕቃ አጥባለሁ» ብቻ ነው የሚሉት። ዕቃ ሲባል መቼም ለእኛ የሚታየን ሳህንና ድስት ነው። ስለዚህ እትዬ ማዘንጊያ ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል ወጥ ቤት የበሽተኞችን ሳህን የሚያጥቡ ሴት ናቸው ብለን ኖርን። የገዛ ልጃቸው ናርዲም እንደዚያው ነበር የምታስበው። እናቷ ማታ ማታ ወፍራም መጽሐፍ ይዘው ለፈተና ሲዘጋጁ ገና ልጅ ስለነበረች፣ እንግሊዝኛ የሚማሩ መስሏት ነበር።

ማዘንጊያ የተባሉት ከእሳቸው በፊት የተወለደው ወንድማቸው በጨቅላነቱ ስለሞተ ነው። ያደጉት አቃቂ ነው። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሱ እዚያው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብተው እንከን ፈታሽ ሆኑ። ጨርቁ ከሥሩ መብራት በበራለት ጠረጴዛ ላይ እየተጎተተ ሲያልፍ የተበጠሰ ክር፣ የሳሳ ቦታ፣ የዘይት ጠብታ እየለዩ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። በሃያ አራት ዓመታቸው ትርፍ አንጀታቸው ፈነዳና ሆዳቸው ከእምብርታቸው በላይ ጀምሮ እስከ ታች ተከፍቶ ታጠበ። ሦስት ሳምንት ተኝተው ዳኑ። ጠባሳው ግን እንደ ወፍራም ገመድ ሆኖ ቀረ፤ እሳቸውም ከልብስ በታች ያለ ነገር ነው ብለው ረሱት።

እንደ ፈረንጆቹ በ2009 ዲቪ ደርሷቸው ከባለቤታቸው ከጋሼ ግርማቸውና ከሰባት ዓመቷ ናርዲ ጋር ኮሎምበስ ገቡ። መጀመሪያ ኢስተን በሚባል ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ያነጥፉ ነበር። ጋሼ ግርማቸው በመጡ በአምስተኛው ዓመት በልብ ሕመም ሲያርፉ፣ እትዬ ማዘንጊያ ሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። አንድ ቀን አንድ በር ተከፍቶ ሲያዩ ውስጥ ሰዎች መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰው በማጉያ መነጽር ብረት ይፈትሻሉ። ቆመው አዩ። «ይህን እኔ እችላለሁ» አሉ በሆዳቸው። ኮርስ ወሰዱ፤ ፈተናውን አንዴ ወድቀው በሁለተኛው አለፉ፤ በዚያው ዓመት ያ ጠረጴዛ ጋ ተቀመጡ።

ቦታው የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ታጥበው፣ ተፈትሸው፣ በእንፋሎት ከጀርም የሚጸዱበት ክፍል ነው። ከሁሉ የሚያስቸግሩት በጠባብ ቀዳዳ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና የሚያገለግሉት ናቸው። ክንድ የሚያህሉ፣ እንደ ኪሮሽ የቀጠኑ መቆንጠጫዎችና መቀሶች፣ ውስጣቸው ቱቦ፣ ላያቸው ጥቁር የፕላስቲክ ልባስ። ቱቦው በቀጭን ብሩሽ ይጠረጋል። ልባሱ ደግሞ በማጉያ ይታያል፤ ምክንያቱም በመሣሪያው ውስጥ ኤሌክትሪክ ስለሚያልፍ ልባሱ ላይ የጸጉር ያህል ስንጥቅ ካለ፣ ካሜራው በማያይበት በኩል የበሽተኛውን አንጀት ሊያቃጥል ይችላል። ሌሎቹ ለአንዱ መሣሪያ አንድ ደቂቃ ሲሰጡ እሳቸው ሁለት ይሰጣሉ። የተፈተሸው በብረት ሳጥን ይደረደርና ትሬይ ይባላል፤ ውስጡም ያዘጋጀው ሰው ስም የተጻፈበት ካርድ ይገባል።

እትዬ ማዘንጊያ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ አይተው አያውቁም። ከላይ የሆነውን የሚያውቁት ከሚወርደው ዕቃ ነው። የቀጫጭኖቹ ትሬይ ብቻ ደም ነክቶት ሲወርድ፣ ያ ሰው በሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ተገላገለ ማለት ነው። የቀጫጭኖቹና ሆድ የሚከፈትባቸው የትልልቆቹ መሣሪያዎች ትሬይ ሁለቱም ቆሽሸው አብረው ሲወርዱ ደግሞ፣ በቀዳዳ ተጀምሮ አልሆን ብሎ ሆዱ ተከፈተ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሲመጣ ስሙን ለማያውቁት ሰው በልባቸው ይጸልያሉ።

በ2020 ጸደይ ለኮቪድ ተብሎ አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ሁሉ ሲቆም ክፍሉ ጸጥ አለ። በተከታዩ ዓመት ሥራው ተመለሰ፤ ሠራተኛው ግን አልተመለሰም። የታመመው ታመመ፣ የለቀቀው ለቀቀ። እትዬ ማዘንጊያ በሳምንት ስድስት ቀን መግባት ጀመሩ።

በዚያ ዓመት በአሜሪካ በጋ ናርዲ ከቤት ልትወጣ ተነሣች። ከምትማርበት ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ከአራት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ነበር። ከፎረስት ፓርክ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ለእናትየው ግን የሃያ ደቂቃ ጉዳይ አልነበረም። እዚሁ ሆነሽ ተማሪ፣ ምን ጎደለሽ ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። በመጨረሻ ናርዲ «አይ ዶንት ዋንት ዩር ላይፍ፣ ማሚ» አለች። ያንቺን ኑሮ አልፈልግም ማለቷ ነው። እትዬ ማዘንጊያ ቅዳሜ ዕቃዋን በመኪናቸው ጭነው አደረሷት፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱም የሚደዋወሉት ለጉዳይ ብቻ ሆነ።

ሆዳቸውን ማመም የጀመራቸውም ያን ሰሞን ነው። በልተው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሆዳቸው ይነፋል፣ ቁርጠቱ መጣ ሄድ ይላል፣ ከዚያ ይተዋቸዋል። ጨጓራ ነው ብለው አብሽ በጥብጠው ጠጡ፤ እራት ተዉ። ለእኔም አልነገሩኝም። በመኪና ስንሄድ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ሳይ ቀበቶው አጥብቆባቸው ይመስለኝ ነበር።

በኅዳር ወር፣ በአንዱ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነገሩ ተለወጠ። ሰኞ የጀመረው ቁርጠት አልለቀቃቸውም፤ ማታውን አስታውኳቸው ነበር። እንዲያም ሆኖ ሁለት ሰው ቀሪ መሆኑን ስለሚያውቁ ገቡ። ጠረጴዛቸው ላይ ቁርጠቱ እንደ እርጥብ ልብስ እየጨመቃቸው ሲሠሩ፣ ከጎናቸው የምትሠራው ሩቅያ አየቻቸው። ሩቅያ የድሬዳዋ ልጅ ናትና አንቱ ማለት አይሆንላትም።

«እትዬ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል» አለቻቸው። «ተነሺ።»

ይቺን ትሬይ ልጨርስ አሉ። ሩቅያ መሣሪያውን ከእጃቸው ተቀብላ አስቀመጠችና ተሽከርካሪ ወንበር ጎትታ አመጣች። እዚያው ሕንጻ ውስጥ ባለው ድንገተኛ ክፍል አስገብታቸው ጋውኗን ሳታወልቅ ነርሷ እስክትመጣ አጠገባቸው ቆመች።

ሲቲ ስካን ተነሡ። ምርመራው ያሳየው ቀጭኑ አንጀታቸው መዘጋቱን ነው። ሐኪሞቹ እንዳስረዷቸው፣ ሆድ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ሲድን ውስጡ እርስ በርሱ የሚጣበቅበት ጊዜ አለ፤ እንደ ክር ያለ ሥጋ ይፈጠራል። ያ ክር ሠላሳ ዓመት ምንም ሳያደርግ ሊኖር ይችላል። አንድ ቀን ግን አንጀት ይጠለፍበትና እንደታጠፈ የውሃ ጎማ ይዘጋል። በአፍንጫቸው ቱቦ አስገብተው የተጠራቀመውን አረንጓዴ ፈሳሽ አወጡላቸው። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻውን ይበቃል፤ አንጀቱ ዐርፎ ራሱን ይፈታል። በራጅ የሚታይ ፈሳሽ በቱቦው ሰጥተዋቸው እስከ ረቡዕ ጠበቁ። ረቡዕ ጠዋት ራጅ ሲነሡ ፈሳሹ እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ነበር፤ አንጀቱ አልተፈታምና ቀዶ ሕክምና የግድ ሆነ።

ሆስፒታሉ በኮቪድ ምክንያት አንድ በሽተኛ አንድ ጠያቂ ብቻ እንዲያስመዘግብ ይፈቅድ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችንን ፓስተር፣ ፓስተር ባሮክን ያስመዘገቡ መስሎን ነበር፤ እሳቸው ግን ናርዲን አስመዘገቡ። ፓስተሩ በስልክ ጸለየላቸው። ናርዲ ቦርሳዋን እንደያዘች ከክፍል በቀጥታ መጣች። እናቷን አፍንጫቸው ላይ ቱቦ ተለጥፎ ስታይ በሩ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ገብታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ነርሷ ጠባሳውን ለማየት ጋውኑን ስትገልጥ ናርዲ አንገቷን ደፋች፤ ጠባሳው እሷን ሲወልዱ የሆነ ነው ብላ ታስብ ስለነበር። እንዲያ ብላ ስትነግራቸው እትዬ ማዘንጊያ ቱቦው ጉሮሯቸውን እያስቸገራቸው «አንቺንማ ያለ ቢላ ነው የወለድኩሽ» አሏት።

ቀዶ ሐኪሟ የመጣችው እኩለ ቀን ሲሆን ነው። ረዘም ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። እትዬ ማዘንጊያ እንግሊዝኛ ለሥራቸው ይበቃቸዋል፤ ሆኖም ለስምምነት ፊርማ ደንቡ አስተርጓሚ ስለሚጠይቅ ስልክ ተደውሎ የአንድ ወንድ ድምፅ በአማርኛ ሰላም አላቸው። ሐኪሟ በቀስታ አስረዳች። ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ትከፍታለች፤ የመጀመሪያውን ከጠባሳው አርቃ፣ በግራ ጎድናቸው ሥር፣ ምክንያቱም ጠባሳው ሥር አንጀት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ሆዱ በጋዝ ይነፋል፣ በካሜራ ክሩን ፈልጋ ትቆርጣለች። አልሆን ካለ ሆዱን ትከፍታለች። ጥያቄ አለዎት አለቻቸው።

እትዬ ማዘንጊያ ትንሽ አሰቡና «ሁለቱም ትሬይ የሚወርደው ስንት ጊዜ ነው?» አሉ።

አስተርጓሚው «እናቴ፣ የምግብ ትሬይ ነው የሚሉት?» ብሎ ጠየቀ።

አይደለም አሉና ወደ ሐኪሟ ዞረው በራሳቸው እንግሊዝኛ ተናገሩ። የቀጫጭኖቹን ትሬይና የትልልቆቹን ትሬይ በሥራ ስማቸው ጠሩላት። ሁለቱም ቆሽሸው ሲወርዱ አያለሁ፣ ይህን የመሰለ ሲሆን ከስንቱ ስንቱ ነው እንደዚያ የሚሆነው አሏት።

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የት እንደሚሠሩ ጠየቀቻቸው። ነገሯት፤ ስንት ዓመት እንደሆናቸውም።

«ከሦስት አንዱ ገደማ እንከፍታለን» አለች ሐኪሟ። «የእርስዎ እንደሚመስለኝ አንድ ክር ብቻ ከሆነ የተሻለ ዕድል አለን። ቃል የምገባልዎት ግን አንድ ነገር ነው። በደንብ ካላየሁ አልቆርጥም። በቀዳዳ ጀምሬያለሁና በቀዳዳ ልጨርስ ብዬ አልታገልም።»

አስተርጓሚው ተረጎመው። እትዬ ማዘንጊያ «አሁን ገባኝ» ብለው ብዕሩን ተቀበሉ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ደህና ይሆናሉ፣ አይፍሩ ብላቸው ቢሆን ኖሮ ይበልጥ ይፈሩ ነበር። አንድ ሦስተኛ የሚለው ቁጥር እሳቸው ከታች ሆነው ካዩት ጋር ገጥሞላቸዋል፤ የሚያውቁትን የነገረቻቸውን ሴት አመኑ።

ሐኪሟ ስትወጣ ናርዲ እናቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ማሚ፣ ሳህን አይደለም እንዴ የምታጥቢው አለች። እትዬ ማዘንጊያ ግን ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ወደ ቀዶ ክፍል እስኪገቡ የሁለት ሰዓት ጊዜ ነበራቸው፤ በዚያ ሰዓት ስለ ራሳቸው አልነበረም የተጨነቁት።

«ስልክሽን አውጪና ለሩቅያ ጻፊልኝ» አሏት። «ሰኞና ማክሰኞ እኔ የፈተሽኳቸውን ትሬዮች በሙሉ ከመደርደሪያ አውርዳ እንደገና ትያቸው። ካርዱ ላይ ስሜ አለ።»

ናርዲ አሁን ዕረፊ አለቻቸው። ያኔ ነው ነገሩን የተናገሩት። «እያመመኝ ነው የሠራሁት። ዓይኔ ብረቱ ላይ ነበር፤ ልቤ ግን ሆዴ ላይ ነበር። እኔ ያላየሁት ስንጥቅ ሰው ሆድ ውስጥ ይገባል።»

ናርዲ ጻፈች። ምን እንደምትጽፍ እንዲገባት እናቷ ልባሱን፣ ኤሌክትሪኩን፣ ስንጥቁን አንድ በአንድ እያስረዷት ጻፈች። እንደሷ አባባል፣ እናቷ ያን ያህል ረጅም ነገር ሲያስረዱ ሰምታ አታውቅም።

ቀዶ ሕክምናው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ወሰደ። ናርዲ መጠበቂያው ክፍል ተቀምጣ ሳለች የሩቅያ መልስ ደረሳት። አሥራ አራት ትሬይ ነበር፤ ሦስቱ ቀደም ብለው ተወስደዋል፤ መደርደሪያ ላይ ከቀሩት አሥራ አንዱ ውስጥ አሥሩ ደህና ናቸው። በአንዱ ግን የመቆንጠጫው ልባስ ጫፉ ጋ ተልጦ ተገኝቷል። ሩቅያ መሣሪያውን አውጥታ ለሱፐርቫይዘሩ ሰጥታዋለች፤ የተወሰዱትም ሦስቱ ከላይ ሲመለሱ ለብቻ ይታያሉ። ናርዲ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበችና ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሐኪሟ ኮፍያዋን ሳታወልቅ ወጥታ ፎቶ አሳየቻት። እንደ ሲባጎ ያለ አንድ ነጭ ክር ከጠባሳው ተነሥቶ አንጀቱን አንቆ ይዟል። ክሩ ሲቆረጥ የታነቀው አንጀት ጠቁሮ ነበር። ለብ ያለ ውሃ አፍስሰውበት ጠበቁ፤ ደቂቃዎች አለፉ፤ ቀስ እያለ ቀላ። ተቆርጦ የወጣ አንጀት የለም፤ ሆዱም አልተከፈተም።

እትዬ ማዘንጊያ ሲነቁ ከሆዳቸው ይልቅ ትከሻቸው አመማቸው። ሆዳቸውን የነፉበት ጋዝ እስኪጠፋ እንዲህ ያደርጋል ተባሉ። ከዚያ የመጠበቅ ቀን መጣ። አንጀት ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው አየር ሲወጣ ነው፤ ሐኪሞቹ ጠዋትም ማታም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ሐሙስ ዕለት በስልክ የመጣው አስተርጓሚ ወጣት ሳይሆን አይቀርም፤ ጥያቄውን ሲሰማ ጉሮሮውን ጠርጎ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ነፋስ ነገር ወጥቶልዎታል ወይ ይላሉ» አለ። ናርዲ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። እትዬ ማዘንጊያ ቁስላቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳቁ። ዓርብ ጠዋት አስተርጓሚ ሳይጠብቁ «ወጥቷል» ብለው ለነርሷ ራሳቸው ተናገሩ። ቱቦው ወጣ፤ መረቅ ቀመሱ።

ናርዲ የሩቅያን መልእክት ያሳየቻቸው ያኔ ነው። አንብበው ስልኩን መለሱላት። ቀደም ብለሽ ለምን አልነገርሽኝም አላሏትም። ያ ልጣጭ ያመለጣቸው ሕመሙ ዓይናቸውን ስለያዘው ይሁን፣ በደህናቸውም ቀን ሊያመልጣቸው ይችል የነበረ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አያውቁትም። ሦስቱ የተወሰዱት ተመልሰው ደህና ሆነው መገኘታቸውን ሩቅያ በማግስቱ ጻፈችላቸው። እንዲያም ሆኖ አልተጽናኑም።

ቅዳሜ ወጡ። ናርዲ አሥር ቀን እናቷ ቤት እያደረች ወደ ትምህርቷ ተመላለሰች። እኔ ሾርባ ይዤ ስሄድ ሁለቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተው አገኘኋቸው፤ እናትየው የመቆንጠጫውን ውስጥ በእስክሪብቶ እየሣሉ ያስረዳሉ፣ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች። እኔም ሥራቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ታዲያ ለምን ዕቃ አጥባለሁ ይሉናል ብላቸው፣ ዕቃ አይደለም እንዴ ብለው መለሱልኝ። ናርዲ ከዚያ በኋላ ወደ ጓደኞቿ ቤት ተመለሰች። እትዬ ማዘንጊያም አልከለከሏትም፤ ያን የበጋውን ቃል ሁለቱም አላነሡትም። አሁን ግን ለጉዳይ ብቻ አይደለም የሚደዋወሉት።

በታኅሣሥ አጋማሽ ሥራ ሲገቡ መጀመሪያ የሄዱት ሱፐርቫይዘራቸው ዘንድ ነው። እያመማቸው መሥራታቸውን፣ ሰው የለም ብለው መደበቃቸውን ነገሩት። ሰውየው ተበላሽቶ የተገኘው መሣሪያ አስቀድሞ በመዝገብ መግባቱን ነግሯቸው፣ ቅጣት የለበትም አለ። ከዚያ ንግግር ግን አንድ ነገር ወጣ፤ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ፈረቃው ሲጀምር ማጉያው ጋ የሚቀመጡትን ዛሬ ደህና ናችሁ ወይ ብሎ አንድ በአንድ ይጠይቃል። አይደለሁም ያለ ሰው ፎጣ ወደሚታጠፍበት ይሄዳል።

በየካቲት ፓስተር ባሮክ ምስክርነት እንዲሰጡ ጠራቸው። ጌታ ያለ ቢላ ፈወሰኝ ዓይነት ነገር ጠብቀን ነበር። እሳቸው ጌታን አመሰገኑ፣ ሐኪሟንም አመሰገኑ። ከዚያ ቀጥለው እንዲህ አሉ።

«ሕመሜን መደበቄን ትዕግሥት ነው ብዬ ነበር። ትዕግሥት አልነበረም። ለሰው የሚያስፈልገውን ዓይኔን፣ ታምሜ ሳለሁ ወደ ሥራ ይዤው ገባሁ። ይህንንም ልመስክር ነው የወጣሁት።»

 አሜን ያሉት ጥቂት ነበሩ፤ እኔም ከጥቂቶቹ መሆኔን እርግጠኛ አይደለሁም። ስንወጣ ግን ጋሼ ሰብስቤ፣ ትልቅ መኪና የሚነዱት፣ ኮታቸውን እንደያዙ ቀረብ ብለው ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሳቸውን እያዞራቸው እንደነዱ ነገሯቸው። እትዬ ማዘንጊያ ነገ ሰኞ ነው፣ ሳይነዱ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ አሏቸው። ሄደዋል።

ሐኪሟ በቀጠሮ ስታያቸው ክሩ መቆረጡ ሌላ ክር ላለመፈጠሩ ዋስትና እንደማይሆን ሳትደብቅ ነግራቸዋለች። እሳቸውም አላምጠው ነው የሚበሉት፤ ጥሬ ነገር ቀንሰዋል። በ2022 በሐምሌ ወር፣ በአንዱ ሐሙስ ጠዋት ቁርጠቱ እንደገና ጀመራቸው። ወደ ሥራ ለመውጣት ጫማቸውን አጥልቀው ነበር። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው መጀመሪያ ለሱፐርቫይዘራቸው፣ ቀጥሎ ለናርዲ፣ ቀጥሎ ለእኔ ደወሉ። አንጀቱ ያን ጊዜ በቱቦ ብቻ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ራሱን ፈታ። ወደ ሆስፒታል ስወስዳቸው በመንገድ ላይ ያወሩኝ የነበረው ያን ቀን ማጉያው ጋ ማን እንደሚተካቸው ነበር።